ማዘጋጃ ቤቱን ጣሊያን አልሠራውም

ከፒያሳ ወደ ቸርችል ቁልቁል በሚወርድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ይህችን ንግግር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፦ «አይ ጣሊያን! በአምስት ዓመት ይህን ሁሉ ሠርቶ ሄደ፤ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ የት በደረስን ነበር!» ጣት የሚቀሰረው ወደ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ነው። ሥራዬ ሕንፃ መንደፍ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ ያቅተኛል።

ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱት ደግሞ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.። ማዘጋጃ ቤቱ የተሠራው በ1950ዎቹ ነው፤ ወራሪው ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎት። ያሠራውም የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው፤ ግን እየተነገረም አይሰማም።

ነዳፊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ጣሊያናዊ መሆኑን አልክድም፤ ግርታውም የሚነሳው ከዚሁ ነው። ሰውየው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1922 የተወለደ ነው። የሙሶሎኒ ጦር ከተማችን ሲገባ እሱ ገና አሥራ አራት ዓመት አልዘለለውም። ሙያውን አሥመራ ላይ ሲሠራ ቆይቶ ነው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እዚህ ሥራ የተሰጠው። ተቀጥሮ የሠራ ባለሙያና ወርሮ የገባ ጦር በአንድ ስም አይጠሩም። የንግድ ባንክን ክብ ሕንፃ የነደፈው አንሪ ሾሜት ፈረንሳዊ ነው፤ «ፈረንሳይ የሠራችው» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ለጣሊያን ሲሆን ብቻ ለምን አገሩን እናስረክባለን?

አንድ ጊዜ ሳይት ላይ አንድ ፎርማን «ኢንጂነር፣ ቋንቋው ራሱ የነሱ አይደል? ፌሮ፣ አርማታ፣ ሶሌታ…» ብሎ ተከራከረኝ። ቃላቱ የጣሊያን መሆናቸው ልክ ነው። ከ1933 በኋላም እዚሁ የቀሩ ጣሊያናውያን ግንበኞችና መካኒኮች ነበሩ፤ ልጆቻችን ከእነሱ ሥር ሆነው ሲለምዱ ቃሉም አብሮ ገባ። ቃል ግን የሕንፃ ካርታ አይደለም።

በአምስቱ ዓመት ምንም አልተሠራም እያልኩም አይደለም። ካዛንቺስና ፖፖላሬ ስማቸው ራሱ ይመሰክራል፤ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸውና ለተራው ነጭ የሠሯቸው ሰፈሮች ነበሩ። ገበያውን ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ ሥር አንስተው ዛሬ መርካቶ ወዳለበት የወሰዱትም ነጭና ጥቁር ተለይቶ እንዲኖር ስለፈለጉ ነው። የነደፉት ታላቅ የከተማ ፕላን ግን አብዛኛው ወረቀት ላይ ቀረ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት በዚሁ ከተማ የፈሰሰውን ደም እያወቀ «ትንሽ በቆየ» የሚል ሰው ያሳዝነኛል።

ስለ ከተማችን የሚነገሩ ሌሎች ስህተቶችንም ቶሎ ቶሎ ላንሳ።

«ለገሃርንም ጣሊያን ነው የሠራው።» አይደለም። የባቡር ጣቢያው የፈረንሳዮች ሥራ ነው፤ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ስሙም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው።

«የለገሃሩና የብሔራዊ ቴአትሩ የአንበሳ ሐውልቶች አንድ ናቸው።» በጣሊያን ተዘርፎ ሮም የቆየውና የተመለሰው የለገሃሩ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ፊት የቆመው ሌላ ነው፤ የቀራጺው የሞሪስ ካልካ ሥራ።

«አፍሪካ አዳራሽ የተሠራው ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ነው።» ይህም የሜዜዲሚ ሥራ ነው፤ የተመረቀው ጥር 1953 ዓ.ም. ሲሆን የተሠራው ለተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነው። ድርጅቱ እዚያው አዳራሽ የተመሠረተው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው። ውስጥ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ሥራም በብሩሽ የተቀባ ሸራ አይደለም፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለቀለም መስታወት ነው።

ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ልመለስ። አጎቴ በልጅነቱ እዚያ የቀን ሠራተኛ ነበር። አርማታ በሚሞላበት ቀን ከንጋት እስከ ማታ ሲሚንቶ ተሸክሟል። የግራ ትከሻው ላይ ዛሬም ቆዳው እንደ ጫማ ሶል የጠጠረ ቦታ አለ፤ ትንሽ ሆኜ በጣቴ እየነካሁ «ይሄ ምንድን ነው?» እለው ነበር፤ «ማዘጋጃ ቤት ነው» ይለኛል። ስለዚህ «ጣሊያን ሠራው» ስትሉ የምትሰርዙት የእሱን ትከሻ ነው። ንድፍ አንድ ሰው ይሠራል፤ ሕንፃ ግን የሚቆመው በብዙ ሺህ ሸክም ነው።

እባካችሁ፣ ስለ አንድ ሕንፃ ከማውራታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መቼ ተሠራ? ማን አሠራው? ማን ነደፈው? ሦስቱን አትደባልቁ። ተማሪዎቼንም ከደብተር በፊት ወደ ቦታው ነው የምወስዳቸው። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቆማችሁ ቁልቁል ወደ ለገሃር ተመልከቱ፤ ላይ ሕንፃው፣ ታች ጣቢያው፣ መሃል ላይ ቸርችል። ሕንፃውንም ጣቢያውንም የጣሊያን ጦር አልሠራቸውም። ቤታችሁ ውስጥ በዚያን ጊዜ ግንበኛ፣ አናጺ፣ ተሸካሚ የነበሩ ሽማግሌዎች ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ስልካችሁን አውጥታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ስማቸው የትም አልተጻፈም። አጎቴ ሰማንያ ሊሞላው ነው። ከታደሰ ወዲህ ሕንፃውን አላየውም፤ በሚመጣው ቅዳሜ ወስጄው ሲሚንቶ ያወጣበትን በኩል እንዲያሳየኝ ተቀጣጥረናል።