የድሮን ቪዲዮውና «ዘላቂ ከተማ»

የአዲስ አበባን የኮሪደር ልማት ቪዲዮዎች ደጋግሞ ያየ ሰው «ዘላቂ ከተማ» ሲባል ቶሎ የሚመጣለት የታወቀ ነው። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ ፏፏቴ፣ የማታ መብራት። ብዙዎች ግራ የሚጋቡት እዚህ ላይ ነው፤ ዘላቂነት ማለት ይህ ለዓይን የሚያምረው ብቻ ይመስላቸዋል።

የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው፣ ከተሞችን የሚመለከተው የዘላቂ ልማት ግብ 11 አረንጓዴ ቦታን ይጠቅሳል። ግን አቅምን ያገናዘበ ቤት፣ የሕዝብ ትራንስፖርት፣ ንጹህ አየርና የቆሻሻ አያያዝም እዚያው ውስጥ አሉ።

ካሜራ ደግሞ ለዓይን የሚመቸውን ይመርጣል። ድሮን ከላይ ሲያነሳ ዛፉና አስፋልቱ ይታያል፤ የቤት ኪራይ አይታይም። የፍሳሽ መስመሩ ከመሬት በታች ነው። ለልማቱ ተብሎ ከፒያሳ ተነስቶ በከተማዋ ዳርቻ ወዳለው ገላን ጉራ የገባ ሰው ሥራ ለመድረስ ስንት ታክሲ እንደሚቀያይር አይታይም። ሙዚቃ ሲገባበት የመኪናው ጩኸት ይጠፋል። ሽታማ ጭራሽ በስክሪን አይመጣም።

የአዲስ አበባውን የቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼን አስቡ። ለአሥርተ ዓመታት ቆሻሻ ሲከመርበት ካሜራ ብዙም ዞር ብሎ አላየውም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ግን ምስሉ በየቤቱ ገባ። ቆሻሻ አያያዝ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ያን ቀን ያልተረዳ የለም።

በኮሪደር ልማቱ እግረኛ ከመኪና ጋር መጋፋቱ መቅረቱ በእውነት ትልቅ ነገር ነው። ቀጣዩን ቪዲዮ ስታዩ ግን እነዚህን ጠይቁ፦ እዚህ ይኖሩ የነበሩት የት ገቡ? ክረምት ሲገባ ጎርፉ በየት ይወርዳል? ዛፉንስ ከምረቃው በኋላ ማን ያጠጣዋል?