«የእኛ ልጆች አይናገሩም» ለምትሉ መምህራን

ደብረ ብርሃን ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው። የክፍል ውይይት በተነሣ ቁጥር ባልደረቦቼ «የእኛ ልጆች አይናገሩም፤ ከገጠር የመጡት ደግሞ ይብሳሉ» ይሉኛል።

አይናገሩም? ዕረፍት ሲደወል ግቢውን ወጥታችሁ ስሙት!

ችግሩ ጥያቄያችን ነው። «የአፈር መሸርሸር ምንድን ነው?» ተብሎ ምን ውይይት ይጠበቃል? መልሱ መጽሐፉ ላይ አለ። እኔም ለዓመታት እንዲያው ነበርኩ። አንድ ቀን ግን «ጎርፍ አፈሩን እየወሰደበት፣ ገበሬ እርከኑን በገዛ እጁ የሚያፈርሰው ለምንድን ነው?» አልኳቸው። ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልኩ። ከወደ መንዝ የመጣ፣ ስም ስጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ከኋላ ዴስክ «በሬ መዞሪያ ያጣላ!» አለ። አንዷ «አይጥም ይራባበታል» ብላ ጨመረች። ሌላው ደግሞ «አፈሩ ካለቀ በሬው ምን ሊያርስ ነው?» ብሎ ተነሣባቸው። በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ ከጻፍኩት ግማሹ መጽሐፉ ላይ የለም።

ያቺን ዝምታ አትናቋት። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ 3 ሰከንድ ሲታገሡ ግን መልሱ እንደሚረዝምና ብዙ ተማሪ እንደሚሳተፍ አሳይታለች። ስለዚህ በልባችሁ ቁጠሩ። እጅ ለማውጣት ወደሚቸኩሉት ሦስት ጎበዞች አትሩጡ። መጀመሪያ ሁሉም ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ይጻፍ፣ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ይነጋገርበት፣ ከዚያ ጠይቁ።

«ክፍሉ 60 ተማሪ ነው፣ አይሆንም» ለምትሉ፦ ሁለት ሁለት ሆኖ ለመነጋገር ዴስክ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም።

«ተማሪዎቹን በመሪ ሥር በቡድን፣ አንድ ለአምስት አደራጅቻለሁ»፦ የስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል ማለት ነው። መሪዋ ትሠራለች፣ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ።

«የፈረንጅ ዘዴ ነው»፦ በላ ልበልሃ እያለ ዳኛ ፊት ሲሟገት ለኖረ ሰው ልጅ?

«ጫጫታ ካለ መምህሩ ክፍሉን መቆጣጠር አቅቶታል»፦ ለግምገማ የመጣ ሰው እኔንም «ክፍሉ ይንጫጫል» ብሎ ጽፎብኝ ሄዷል። ልጆቹ የሚጨቃጨቁት ባሕር ዛፍ ለማሳ ዳር ይበጃል አይበጅም በሚል ነበር። በሩ ላይ እንደቆመ ነው የጻፈው።