ድረ ገጽ በጆሮ ሲነበብ

ዓይነ ስውር ሰው ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ማውስ አያነሳም። ጠቋሚዋ የት እንዳለች ካላየ ምን ይሠራለታል? ሥራው ሁሉ በኪቦርድ ነው። ገጹ ላይ ያለውን ደግሞ ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም በድምፅ ያነብለታል።

ከአንጋፋዎቹ አንዱ ጆውስ ነው። ሠሪው ቴድ ሄንተር የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በመኪና አደጋ ዓይኑን አጣ። ጆውስ ግን ዋጋው አይቀመስም። በ2006 ማይክል ከራን የተባለ አውስትራሊያዊ፣ እሱም ዓይነ ስውር፣ ኤንቪዲኤን መሥራት ጀመረ፤ ይኼኛው በነፃ ይገኛል። አይፎን ላይ ከ2009 ጀምሮ ቮይስኦቨር አብሮ ይመጣል፤ አንድሮይድም ቶክባክ አለው።

ብዙ ሰው ፕሮግራሙ ገጹን ከላይ እስከ ታች የሚያንበለብል ይመስለዋል። እንደዚያማ ቢሆን ማን ይታገሰዋል! የለመደ ሰው ይዘላል። ኤንቪዲኤም ሆነ ጆውስ ላይ «ኤች»ን ሲጫን ወደሚቀጥለው ርዕስ ይሄዳል፤ በ«ቲ» ሰንጠረዥ፣ በ«ኤፍ» የሚሞላ ቦታ ይፈልጋል። ዓይን ገጹን ቃኘት አድርጎ እንደሚያልፈው መሆኑ ነው። ድምፁንም በጣም ያፈጥነዋል፤ ላለመደ ጆሮ ጫጫታ ብቻ ነው።

ዝላዩ የሚሠራው ግን ገጹ በወጉ ከተሠራ ነው። ርዕሱን በደማቁ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ኮዱ ውስጥ ርዕስ ተብሎ መሰየም አለበት። መግለጫ ያልተጻፈለት ፎቶ ላይ ሲደርስ የፋይሉን ስም ሊያነበንብ ይችላል፦ «አይ ኤም ጂ አራት አምስት ሦስት ሁለት...»። የቅርጫት ሥዕል ብቻ ያለበት በተን ላይ ሲደርስ ደግሞ «በተን» ይልና ዝም። የምን በተን? ሊንኮቹን ብቻ ዘርዝር ሲባልም «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ»። ወዴት እንደሚወስድ አይታወቅም።

የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ የመጀመሪያውን የተደራሽነት መመሪያ ያወጣው በ1999 ነው። የፎቶ መግለጫ ነገር ያኔም ተጽፏል፤ ዛሬም ይረሳል። በ2008 የወጣው ሁለተኛው መመሪያ ደግሞ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች የጽሑፉና የጀርባው ቀለም ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ይጠይቃል። እነዚህ ሰዎች ጽሑፉን አጉልተው ወይም ቀለሙን ገልብጠው ያነባሉ። ነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ቢጎላም ያስቸግራል።

ብሬል ዲስፕሌይም አለ። ኪቦርዱ ሥር የሚቀመጥ ጠፍጣፋ ዕቃ ነው፤ ጥቃቅን ነጥቦቹ ብቅ ጥልቅ እያሉ ጽሑፉን መስመር በመስመር ለጣት ያቀርባሉ። ኮድ ለሚጽፍ ሰው በጣም ይመቻል፤ በጆሮ የምታመልጥ ቅንፍ በጣት ትያዛለች። መስማትም ለተሳነው ግን ገጹ የሚደርሰው በዚህ ብቻ ነው።