ኢነርሺያ ለምን በሰከንድ ይለካል?

"የግሪዱ (የኤሌክትሪክ መረቡ) ኢነርሺያ 3 ሰከንድ ነው" ሲባል ብዙ ሰው መብራት ሊጠፋ ሲል 3 ሰከንድ ይታገሳል ማለት ይመስለዋል፣ አይደለም። እኛ ሰፈር ሰንዳፋ መውጫ ያለውን ወፍጮ ቤት አስቡት፣ መብራት ድርግም ሲል ድንጋዩ ወዲያው ቀጥ አይልም፣ ትንሽ ዞሮ ዞሮ ነው ሚቆመው። የግድቦቹ ተርባይንና ጀነሬተርም እንደዛው ነው፣ አንዱ ድንገት ከመስመር ሲወጣ የቀሩት ሲዞሩ የያዙት ጉልበት ክፍተቱን ለጊዜው ይሸፍናል (ኢነርሺያ የሚባለው ይሄ ጉልበት ነው)፣ ግን በዛው ፍጥነታቸው ስለሚቀንስ ፍሪኩዌንሲው (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) ከ50 ኸርዝ መውረድ ይጀምራል።

የሚሰላውም ከዚህ ቁልቁለት ነው። የጠፋውን ሜጋዋት በ50 ታባዙና ፍሪኩዌንሲው በአንድ ሰከንድ በወረደው ልክ እጥፍ ታካፍሉታላችሁ። ለምሳሌ 120 ሜጋዋት ወጥቶ በሰከንድ 0.25 ኸርዝ ከወረደ 12,000 ሜጋዋት ሰከንድ ይመጣል፣ ስራ ላይ ያሉት ጀነሬተሮች አቅም 4,000 ሜጋዋት ከሆነ 12,000 ለ4,000 ሲካፈል 3 ሰከንድ፣ ማለትም ያ ጉልበት ብቻውን የሙሉ አቅማቸውን የ3 ሰከንድ ስራ ያክላል።

ከባዱ ዳታው ላይ ነው፦ መጀመሪያ ያለችውን ግማሽ ሰከንድ ገደማ ብቻ ውሰዱ፣ ረዘም ካደረጋችሁት ገቨርነሮቹ (የተርባይኑን ፍጥነት የሚቆጣጠሩት) ጉልበት መጨመር ስለሚጀምሩ ቁልቁለቱ ይለዝብና ኢነርሺያው ከእውነቱ በላይ ትልቅ መስሎ ይታያል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ መለካትም ያሳስታል፣ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ሁሉም ጣቢያ እኩል አይወርድም።