ኦሪየንቲሪንግ፦ መንገዱን ሯጩ ራሱ የሚመርጥበት የጫካ ውድድር

ኦሪየንቲሪንግ በካርታና በኮምፓስ የሚሮጥ ውድድር ነው። አዘጋጆቹ ጫካው ውስጥ እዚህም እዚያም ምልክት ያስቀምጣሉ። ተወዳዳሪው ካርታ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በየት በኩል እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ብቻ ነው፤ ገመድ አልተዘረጋም፣ ቀስት አልተሰቀለም፣ በዚህ በኩል እለፍ የሚል አስተባባሪም የለም። በጂፒኤስ መንገድ መፈለግ ክልክል ነው።

ዓይነቱ ብዙ ነው። በተለመደው ውድድር ምልክቶቹን በተሰጠው ቅደም ተከተል ማዳረስ ግዴታ ነው፣ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። እኔ ከልቤ የምወደው ግን በሰዓት የተገደበውን የነጥብ ውድድር ነው። እዚህ እያንዳንዱ ምልክት ዋጋ አለው፤ የራቀው ወይም አስቸጋሪው ብዙ ነጥብ፣ ቅርቡ ትንሽ። አንድ ሰዓት ተሰጣችሁ እንበል። በፈለጋችሁት ቅደም ተከተል የቻላችሁትን ሰብስባችሁ ትመለሳላችሁ። አብዛኛው ሰው ሁሉንም ማዳረስ አይችልም፣ ሆን ተብሎም እንደዚያ ነው የሚዘጋጀው። ስለዚህ ፈጣን እግር ብቻውን አያዋጣም። የቱን ትቶ ማለፍ እንዳለበት ያወቀ ሰው በሩጫ የሚበልጠውን ሯጭ በነጥብ ጥሎት ይገባል።

ነገሩ የተጀመረው ስካንዲኔቪያ ነው። መጀመሪያ የስዊድን ወታደሮች ልምምድ ነበር። ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጀመሪያ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1897 ኖርዌይ ውስጥ ኦስሎ አካባቢ ተካሄደ። ወደ ትልቅ ስፖርትነት ያሳደገው ኤርንስት ኪላንደር የሚባል የስዊድን ሻለቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ስቶክሆልም አጠገብ ያዘጋጀው ውድድር እንደ መነሻ ይታያል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1961 በ10 አገሮች ተመሠረተ፣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በ1966 ፊንላንድ ላይ ተደረገ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1977 ዕውቅና ሰጥቶታል።

የነጥብ ውድድር ትልቁ መልክ ሮጌይን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1976 አውስትራሊያ ውስጥ ነው በዚህ ስም የጀመረው። ሙሉው ውድድር 24 ሰዓት ይፈጃል። ከሁለት እስከ አምስት ሰው ያለው ቡድን ቀንና ሌሊት ይጓዛል፤ አባላቱ ድምፃቸው ከሚደማመጥበት ርቀት በላይ መለያየት አይፈቀድላቸውም። በብዙ ውድድሮች የምልክቱ ቁጥር ራሱ ዋጋውን ይናገራል፦ 57 ቁጥር 50 ነጥብ፣ 104 ቁጥር 100 ነጥብ። መነሻው ላይ ትኩስ ምግብ ይጠብቃል፣ ተመልሶ በልቶና ትንሽ ተኝቶ እንደገና መውጣት ይቻላል። አንድ ነገር ደስ ይለኛል። አውስትራሊያ የባህር ዛፍ አገር ናት፤ በምኒልክ ዘመን መጥቶ የእንጦጦን ራቁት ተራራ ያለበሰው ዛፍም ከዚያው ነው የመጣው።

ምልክቱን ቀረብ ብለን እንየው። ሦስት ጎን ያለው ከጨርቅ የተሠራ ነገር ነው፣ እያንዳንዱ ጎን 30 በ30 ሴንቲሜትር፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ብርቱካንማ። ድንጋይ ሥር፣ ቦይ መታጠፊያ ላይ፣ ጉብታ ጀርባ ይንጠለጠላል። ድሮ አጠገቡ መብሻ ይታሰር ነበር፤ መብሻው መርፌዎች ስላሉት ካርዱን ሲነክሰው የዚያን ምልክት ብቻ የሆነ የቀዳዳ ቅርጽ ይተዋል። አሁን በብዛት ጣት ላይ የሚታሰር ቺፕ ነው። ምልክቱ ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ ስትነክሩት ጢጥ ይላል፣ ሰዓታችሁ ተመዘገበ ማለት ነው።

ካርታው ሌላ ዓለም ነው። አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ ግራ የሚጋባው ቀለሙ ላይ ነው። ነጭ ማለት ባዶ ሜዳ አይደለም፤ እንደ ልብ የሚያስሮጥ ጫካ ነው። ሜዳው ቢጫ ነው። አረንጓዴው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ በደመቀ ቁጥር ፍጥነት ይበላል። ቡናማ መስመሮች ከፍታን፣ ሰማያዊ ውኃን፣ ጥቁር ድንጋይንና ሰው የሠራውን ያሳያሉ። እንጦጦን በዚህ ዓይን ብትስሉት ረዣዥሙ ባህር ዛፍ ነጭ ይሆናል፣ ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቆጠው ደግሞ አረንጓዴ። ውስጡ ገብቶ ያየ ያውቀዋል፤ አንዱ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ አውጥቶ ፊትን ይገርፋል፣ መሮጥ ቀርቶ መራመድም ይፈትናል።

አሁን ወደ ምርጫው። መሃል አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ ሲለማመደው ይውላል። ከፒያሳ አራት ኪሎ ካርታ ላይ ቅርብ ነው፤ በእግር ስትሄዱት ግን እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለት፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ዳገት ነው። ከአራት ኪሎ ሂልተን በማስመሪያ ብታሰምሩ መስመሩ የታላቁን ቤተ መንግሥት ግቢ ያቋርጣል። ጫካ ውስጥም እንደዚሁ መግባት የማይፈቀድበት ቦታ ካርታው ላይ ተለይቶ ይቀመጣል፣ የረገጠ ከውድድር ይሰረዛል። ቀጥታው መስመር አጭር መሆኑ ብቻ ዋጋ የለውም።

ለዳገት ጥሩ ስሌት አለ። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ነው፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። ሲጠቃለል አንድ ሜትር መውጣት ስምንት ሜትር ሜዳ ላይ እንደመሄድ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ 50 ነጥብ ያለው ምልክት 1 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ግን መንገዱ 120 ሜትር ዳገት አለው። ዳገቱ ብቻውን ሌላ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ጨመረ። በሸንተረሩ ላይ ደግሞ ባለ 20 እና ባለ 30 ምልክቶች በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ተከታትለው ተቀምጠዋል። ነጥቡ እኩል ነው፣ ድካሙ ግማሽ። ትልቁን ቁጥር አይቶ መሮጥ ሰውን የሚያከስረው እዚህ ላይ ነው። ከመስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ እንጦጦ ላይ ለሚሮጥ ሰው ደግሞ አየሩም ስለሚሳሳ የዳገቱ ዋጋ ይብሳል።

ሮጌይን ላይ ካርታው ከመነሳታቸው ሰዓታት በፊት ስለሚሰጥ ቡድኖቹ መሬት ላይ ዘርግተው ያቅዳሉ። በውድድሩ የሚችሉትን ርቀት ያህል በካርታው ልኬት ክር ይቆርጣሉ፣ ምልክቶቹ ላይ እስፒል ይሰካሉ፣ ክሩን በእስፒሎቹ ዙሪያ ያዞራሉ። ክሩ ካጠረ አንድ እስፒል ይነቀላል። የትኛው ይነቀል የሚለው ክርክር ነው ግማሹ ውድድር።

አትሌቶቻችን እንጦጦ ጫካ ሲለማመዱ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ ነው የሚሮጡት። ፊት ያለው መንገድ ይመርጣል፣ ሌላው ይከተላል። ለልምምድ ግሩም ነው። በነጥብ ውድድር ግን ሁሉም አብሮ ይነሳና በደቂቃ ውስጥ በአራቱም አቅጣጫ ይበተናል፤ የሌላው ዕቅድ ለሌላው ፍጥነት የተሠራ ስለሆነ መከተል አያዋጣም። ጉልበቱ እዚህ ከተማ ሞልቷል። የጎደለው ካርታ ማንበብ ነው፣ እሱ ደግሞ ስልክ ኪስ ውስጥ ከትቶ በወረቀት ካርታ ከስድስት ኪሎ እስከ ለገሃር በመሄድ ሊጀመር ይችላል።

ሰዓት ላይ ቀልድ የለም። ለዘገየ በየደቂቃው አብዛኛውን ጊዜ 10 ነጥብ ይቀነሳል፣ ሮጌይን ላይ ከ30 ደቂቃ በላይ የዘገየ ውጤቱን በሙሉ ያጣል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ዕቅዳቸውን ሲያወጡ መግቢያው አጠገብ ሁለት ሦስት ርካሽ ምልክቶችን ለመጨረሻ ያስቀራሉ። ሰዓት ከተረፈ ያነሷቸዋል፣ ካጠረ ሳያዩአቸው ያልፋሉ። ነጥቡ እኩል ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የገባው ያሸንፋል።