ዶሮ ወጥ ላይ የትኛው ቢራ? ስለ ክራፍት ቢራና የቤት ምግብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሮ ቢራ ማዘዝ ቀላል ነበር። ጊዮርጊስ፣ ሜታ፣ ሐረር ወይም በደሌ ይባላል፣ አለቀ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከጣዕም ይልቅ የደጋፊነት ጉዳይ ይመስል ነበር። አብዛኞቹ ፈዛዛ ላገር፣ ማለትም ቀለል ያለው የተለመደው ቢራ፣ ናቸውና። አሁን ነገሩ ተቀይሯል። አዲስ አበባ ቦሌ ያለው ጋርደን ብሮይ እዚያው ግቢው ውስጥ የሚጠምቃቸውን ብሎንዲ እና ኤቦኒ፣ ማለትም ፈዛዛውንና ጥቁሩን፣ በመቅዳት ታውቋል። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ለሚኖር ሰው ደግሞ የሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ በአነስተኛ ጠማቂዎች ቢራ፣ ክራፍት በሚባለው፣ ተጨናንቋል።

ምርጫው ሲበዛ ምክሩም በዛ። እሁድ ምሳ የተጠራ እንግዳ ሁሉ በእጁ ስድስት ጠርሙስ፣ በአፉ አንድ ንድፈ ሐሳብ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ የምለው አጭር ነው፤ መጀመሪያ ድስቱን ክፈቱና እዩ፣ ቢራው ከዚያ በኋላ ይመረጣል። አብዛኛው የምንሰማው ምክር ግን ተገላቢጦሽ ነው።

«በርበሬ ያቃጠለውን ቢራ ያበርደዋል»

ከሁሉም የተስፋፋው ይሄ ነው። ዶሮ ወጡ አናቱ ላይ የወጣበት ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ብርጭቆውን ነው። ለአፍታ ያቀዘቅዛል፣ አልዋሽም። ያ ግን የቅዝቃዜው ሥራ ነው። ቢራው እንደተዋጠ ቃጠሎው ይመለሳል።

የሚያቃጥለን በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ነው። ውሃ በቅጡ አያሟሟውም፤ የሚያሟሙት ቅባትና አልኮል ናቸው። «ታዲያ ቢራ አልኮል አይደል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ነው፣ ግን አልኮሉ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። ካፕሳይሲኑን አጥቦ ለመውሰድ አይበቃም።

እንዲያውም ቢራ ሁለት ነገር ያባብሳል። አንዱ ጋዙ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አፍ ውስጥ ሲገባ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ያ የምንወደው የጋዝ ቁንጥጫ የሚመጣው አፋችን ውስጥ ያሉ ሕመም የሚያስተላልፉ ነርቮች ስለሚነኩ ነው። በበርበሬ የተቆጣ ምላስ ላይ ቁንጥጫ ሲጨመር ምን እንደሚሆን አስቡት። ሁለተኛው ምሬቱ ነው። ቢራን መራራ የሚያደርገው ሆፕ የሚባለው የሐረግ አበባ ሲሆን፣ ሆፕ የበዛበት ቢራ ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ አንዱ ሌላውን ያጎላል።

ለዚህ ነው አይፒኤ የሚባለውን፣ ሆፕ የበዛበትንና አሜሪካኖች የሚያብዱለትን ቢራ፣ ከዶሮ ወጥ ጋር የማልመክረው። ምሬቱ ይጎላል፣ በርበሬው ይጎላል፣ ቁሌቱ ውስጥ ያለው የሽንኩርት ጣፋጭነት ደግሞ ድምፁ ይጠፋል። ያን ሁሉ ሰዓት ሽንኩርት ስታቁላላ የዋለችው እናት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ዶሮ ወጥ የሚፈልገው ብቅሉ የሚጣፍጥ፣ ምሬቱ ለስለስ ያለ ቢራ ነው። የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ሄፈቫይሰን የሚባለው የባቫሪያ የስንዴ ቢራ ነው። ደፍረስ ያለ ነው፣ አረፋው ወፍራም ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታሸቱት ሙዝ ሙዝ፣ ቀጥሎ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ጠማቂው ግን ሙዝም ቅርንፉድም አልጨመረበትም። ሁለቱንም ሽታ የሚሠራው እርሾው ነው። አሁን ወደ ድስቱ ተመለሱ። ብዙ ቤት ወጥ ሊወርድ ሲል የምትነሰነሰው መከለሻ ውስጥ ቅርንፉድ አለች። ከአንድ ጉርሻ ዶሮ ወጥ በኋላ ይህን ቢራ ስትጎነጩ መከለሻዋ እንደገና ብቅ ትላለች። ሄፈቫይሰን ካላገኛችሁ ሙኒክ ዱንክል ወይም አምበር የሚባለው ቀላ ያለ ቢራ ይሆናል። ሁለቱም ከተጠበሰ ብቅል የመጣ የዳቦ ቅርፊት ጣዕም አላቸው።

ለቃጠሎው ግን መድኃኒቱ ትሪው ላይ አለ፤ አይብ። የወተት ፕሮቲን ካፕሳይሲንን ይዞ ከምላስ ያነሳዋል። እናቶቻችን አይቡን ከወጡ ጎን የሚያስቀምጡት ለጌጥ አይደለም።

«ጥቁር ቢራ ከባድ ነው፣ ያሰክራል፣ ሆድም ይሞላል»

ቀለም ስለ አልኮል ምንም አይናገርም። የቢራ ቀለም የሚመጣው ብቅሉ ወይም ገብሱ ምን ያህል እንደተቆላ ነው። አሻሮ ቆልቶ ጠላ የጠመቀ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይፈልግም። በደንብ ከተቆላ ጠላው ይጠቁራል፣ ካልተቆላ ይፈዛል፤ ሞቅታው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ምሳሌ ላምጣ። ከበርሜል የሚቀዳው ጊነስ እንደ ከሰል የጠቆረ ሆኖ አልኮሉ 4.2 በመቶ ብቻ ነው። ዱቬል የሚባለው የቤልጅየም ቢራ ደግሞ ወርቃማ ነው፣ ሲያዩት የዋህ ይመስላል። 8.5 በመቶ ነው! ፈዛዛ ስለሆነ ብቻ እንደ ላገር የሚጨልጠው ሰው ማዕዱ ሳይነሳ ነገሩ ይገባዋል።

ጥቁር ቢራን ፈርተው የሚተዉት ሰዎች የሚያጡት ጥሩ ነገር አለ። ጥብስ ላይ ሞክሩት። በደንብ የሞቀ መጥበሻ ላይ ቡናማ የሆነው የሥጋው ጠርዝና የተቆላው ብቅል ጣዕማቸው ዘመዳሞች ናቸው። ሽሮ ላይም ጥሩ ነው፤ በተለይ ሽሮው ከመፈጨቱ በፊት በደንብ የታመሰ ከሆነ። ድፎ ዳቦ ስታውት ከሚባለው ጥቁር ቢራ ጋር ደግሞ መክሰስ ሰዓት ላይ የሚገርም ነገር ነው።

«ቁርጥ ላይ ቢራ ከጠጡበት ኮሶ አይዝም»

ይሄኛው የጣዕም ጉዳይ አይደለም፣ የጤና ነው። ሥጋ ቤት ቁጭ ብሎ «ቢራው ይገድለዋል» የማይል ሰው የለም። ቢራው አልገደለውም ከተባለ አረቄ ይታዘዛል።

እውነታው፣ ሥጋው ውስጥ ያለው የኮሶ ትል እጭ በምንጠጣው ቢራም ሆነ አረቄ አይሞትም። አልኮሉ ሆድ ውስጥ ከምግቡና ከፈሳሹ ጋር ተቀላቅሎ ይቀጥናል፤ እጩ ደግሞ በከረጢቱ ተሸፍኖ ሥጋው ውስጥ ነው ያለው። የሚገድለው ሙቀት ነው። ሙዳ ሥጋ ውስጡ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ማብሰል፣ ከዚያ ቢያንስ 3 ደቂቃ ማሳረፍ ይመከራል። ለቀናት በፍሪዘር በደንብ ማቀዝቀዝም ይሠራል፤ ግን ቁርጥ ወዳዱ ይህን ሲሰማ ፊቱን እንደሚያዞር አውቃለሁ።

ጥሬውን እበላለሁ ካላችሁ ምርጫው የእናንተ ነው። ቢራውን ግን ለጣዕሙ ጠጡት። ክትፎ ላይ ለምሳሌ የቢራ ሥራ ግልጽ ነው። ንጥር ቅቤው ምላስ ላይ ይነጠፋል፤ ጋዙ ደግሞ ይጠርገዋል፣ ቀጣዩ ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይጣፍጣል። ለዚህ ክራፍት ፍለጋ መዞር አያስፈልግም። ደረቅ ያለ ተራ ላገር ይበቃል፣ እንዲያውም ውዱን ቢራ ሊያስንቅ ይችላል።

«ቢራ የፍስክ ነው፣ ከጾም ምግብ ጋር አይሄድም»

ሰው ቢራን ከሥጋ ቤት ጋር አስተሳስሮ ስለለመደ ነው እንጂ፣ በያይነቱ ለቢራ ከጥብስ ይበልጥ ይመቻል። ትሪው ላይ ጣዕሙ ብዙ ነው። ምስር ወጡ ያቃጥላል፣ አልጫው ይለዝባል፣ እንጀራው ይኮመጥጣል። ይህን ሁሉ ችሎ የሚሄድ ቢራ የቤልጅየሙ ነጭ የስንዴ ቢራ ነው፤ ሁጋርደን የሚባለው በብዛት ይገኛል። ሲጠመቅ ድምብላልና የብርቱካን ልጣጭ ይገባበታል። ድምብላል እኛ ቤት ባዕድ አይደለም። ኮምጠጥ ማለቱም ከእንጀራው ጋር ያስማማዋል። ሱፍ ፍትፍት ላይ ደግሞ ልዩ ነው።

የምትጾሙ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቢራ በመሠረቱ ገብስ፣ ሆፕ፣ ውሃና እርሾ ነው። የባቫሪያው የ1516 ሕግ እንዲያውም ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ ሌላ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። የክራፍት ጠማቂዎች ግን እጃቸው አያርፍም። ሚልክ ስታውት የሚባለው ጥቁር ቢራ ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር፣ ይጨመርበታል። አንዳንድ ለስላሳና ደፍራሳ አይፒኤዎችም እንዲሁ። አንዳንድ የእንግሊዝ ቢራ ደግሞ ከዓሣ ፊኛ በሚሠራ ነገር ጥርት እንዲል ይደረጋል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ረቡዕ ቀን ለእንግዳ ቢራ የምትገዙም እንደዚሁ።

«ክራፍት ማለት መራራ ማለት ነው»

አንድ ጊዜ አይፒኤ ቀምሶ «ይሄ ኮሶ ነው!» ብሎ የማለ ሰው ብዙ ነው። አልፈርድበትም። ግን ክራፍት የቢራ ዓይነት አይደለም፣ የጠማቂውን አነስተኛነት ነው የሚናገረው። ጣፋጩም፣ ኮምጣጣውም፣ አልኮሉ 3 በመቶ ገደማ የሆነው የበርሊን የስንዴ ቢራም እዚያው ውስጥ አሉ።

አይፒኤም ቢሆን ቦታ አለው፤ ወጥ ላይ አይሁን እንጂ። የተጠበሰ ዓሣ ላይ ሎሚ ጨምቃችሁ ሞክሩት። የምስር ሳምቡሳ ላይም፣ ቃሪያው ካልበዛ፣ ይሄዳል። ዘይቱን የሚቆርጥ ምሬት እዚያ ይፈለጋል።

«ቢራ በረዶ ካልሆነ አይጠጣም»

ላገር ከሆነ ቀዝቀዝ ይበል፣ 4 እስከ 7 ዲግሪ ጥሩ ነው። ስታውትና አምበር ግን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ አሳርፏቸው። በጣም የቀዘቀዘ ነገር ምላስን ያደነዝዛል፣ ሽታውም አይነሳም። ለጣዕሙ ብላችሁ ውድ ዋጋ ከፍላችሁ ጣዕሙን ማደንዘዝ ምን ይባላል?

ብርጭቆም ተጠቀሙ፣ ከጠርሙስ አትጠጡ፤ ሽታው የሚወጣው ሲቀዳ ነው። እዚህ ላይ በእጅ ለምንበላ ሰዎች ብቻ የሚሆን ምክር አለኝ። አረፋው ቶሎ ሲጠፋ «ቢራው ሞቷል» ብለን እናማርራለን። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቢራው አይደለም። ቅባት የቢራ አረፋን ያፈርሳል። ቅቤ የነካው ከንፈር ብርጭቆው አፍ ላይ ሲያርፍ ቀለበት የሚመስል ምልክት ይተዋል፤ አረፋው ከዚያ ጀምሮ ሲሟሽሽ በዓይን ይታያል። ከንፈርን በሶፍት መጥረግ፣ ብርጭቆውንም ባልበላንበት እጅ መያዝ ነው።

«ወጥ ውስጥ የገባ ቢራ አልኮሉ ይተናል»

ሥጋ በቢራ መቀቀልና ወጥ ላይ ጠብ ማድረግ የሚወዱ አሉ። ይጣፍጣል። ግን አልኮሉ ሁሉ አይተንም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በሚሰጠው ሠንጠረዥ መሠረት፣ ድስት ውስጥ ተቀላቅሎ ለ30 ደቂቃ ከተንተከተከ በኋላ 35 በመቶው ይቀራል፤ ከ1 ሰዓት በኋላ 25 በመቶው፤ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላም 5 በመቶ ገደማ አለ። አልኮል የማይነካ እንግዳ ካለ፣ ሙስሊም ጎረቤትም ይሁን መድኃኒት ላይ ያለ ሰው፣ ሳያውቅ አታብሉት። ንገሩት ወይም ለብቻው ሥሩለት። ሆፕ የበዛበትን ቢራ ደግሞ ድስት ውስጥ አትጨምሩ፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ምሬቱ ይጠነክራል።

«ጠላ የድግስ ነው፣ ከቢራ ጋር አይቆጠርም»

ይቆጠራል እንጂ። ብቅል አለው፣ እርሾ አለው፣ በሆፕ ፋንታ ጌሾ አለው። አልኮሉ እንደ ቤቱ ይለያያል፤ ተራው ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ሲሆን ፊልተር የሚባለው የተጣራው ጠላ ከዚያ ይበልጣል። ከማዕድ ጋር ለመሄድ ደግሞ አንድ ነገር ከብዙ ቢራ ይበልጣል፤ ጭስ። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፣ ያ ሽታ ጠላው ውስጥ ይቀራል።

ጭስ ያለው ቢራ ሌላ ቦታ ብርቅ ነው። ጀርመን ውስጥ ባምበርግ የምትባል ከተማ ግን በዚሁ ትታወቃለች። እዚያ የሚታጠነው ጋኑ ሳይሆን ብቅሉ ነው፣ ቢች በሚባል ዛፍ እንጨት ጭስ ይደርቃል። ራውክቢር ይሉታል፤ ሽሌንከርላ የሚባለው ውጭ አገርም ይገኛል። ቋንጣ ፍርፍር ቀምሳችሁ ከላይ እሱን ብትጎነጩ ቋንጣው ከእሳት አጠገብ ተሰቅሎ የከረመ ይመስላችኋል። ጠላ በማይገኝበት ከተማ ለምትኖሩ ሩቅ ዘመዱ ይሄ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ጠርሙስ ብቻ ግዙ፤ ጭሱ ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ ለማይወደው እንግዳም ላገር ፍሪጅ ውስጥ ይኑር።