የኢሜይል አጻጻፍ ሥርዓት በባሕር ዳር መሥሪያ ቤቶች

በባሕር ዳር ቢሮዎች የሚጻፈው ኢሜይል መልኩን የወረሰው ከደብዳቤ ነው። «ጉዳዩ» ከላይ፣ «ከሰላምታ ጋር» ከታች፣ ከግርጌ ደግሞ «ግልባጭ»። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ የክልሉ ቢሮዎች ግን ዛሬም ከበድ ያለ ጉዳይ የሚጨርሱት ማህተም ባረፈበት ወረቀት ነው።

ኢሜይል ቤቱን የሠራው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት በአንድ ጥላ ሥር የመጡት ፖሊ (የቀድሞው ፖሊቴክኒክ ተቋም) እና ፔዳ (የቀድሞው የመምህራን ኮሌጅ) ናቸው። መምህራኑ ከውጭ አገር ባልደረቦች ጋር ሲጻጻፉ ብዙ ነገር ለምደዋል። ለምሳሌ ፈረንጁ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስደው፣ ከኢሜይሉ ግርጌ በየትኛው ስም መጠራት እንደሚፈልጉ ይጽፋሉ።

አሳፋሪ ስህተት በብዛት የሚመጣው ከአክብሮት ነው። «ሪፖርቱን ላክልኝ» ለጓደኛ ይሆናል፤ ለኃላፊ ግን «ይላኩልኝ» ነው። ደስታ የሚባል ሰው ወንድ ይሁን ሴት ካልታወቀም አንቱታው ያድናል። «አቶ» ወይም «ወ/ሮ» ከማለት በፊት ግን ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

ግልባጭ ሌላው መዘዝ ነው። ወረቀት ላይ ግልባጭ የደረሰው ሰው አንብቦ ፋይል ያደርገዋል። ኢሜይል ላይ ግን «ለሁሉም መልስ» የሚለው አንድ ጊዜ ከተነካ፣ ለአንድ ሰው የታሰበው ቅሬታ መላው ክፍል ዘንድ ይደርሳል። ገና በመጀመሪያው መልእክት አለቃን ግልባጭ ማድረግ እንደ ክስ ይቆጠራል የሚሉ አሉ፤ ለማሳወቅ ብቻ ነው የሚሉም አይጠፉም። መጀመሪያ ለባለጉዳዩ ብቻ መጻፉ ግን ያለ ጥርጥር የጨዋ መንገድ ነው።

የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች በጋራ ፊደል የሚለዩበት ደረጃ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣል። ስለዚህ በፒዲኤፍ መላክ ይመረጣል።

ቀጠሮ ላይ ሰዓቱንም ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ግድ ነው። የኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለውጭ ሰው 9 ሰዓት ነው። ያመለጠ መልእክት ለመመለስ ጂሜይል የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 30 ሰከንድ ነው፤ እሱም ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ካስተካከሉት።